የአዴ አስካለ ጸበል

አንድ ጀሪካን ውሃ ከሌላ ጀሪካን ውሃ በምን ይለያል?

የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ትምህርት ቤታችን ያሉ የኬሚስትሪ መምህራን ወዲያው ይመልሱታል። የማርያም ቄሶችም ይመልሱታል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም መጽሐፍ ገልጠው ይመልሱታል። እኔም ድሮ መልሱን አውቀው ነበር፤ አውቄም አስተምር ነበር። ከጎጆ ከተማ ወረድ ብሎ ካለ አንድ የቦኖ ውሃ ሥር ባዶ ጀሪካን ይዤ ከቆምኩበት ቅዳሜ ጀምሮ ግን መልሱ ጠፍቶብኛል።

ያን ጊዜ አምቦ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሆኜ ነው። እጃጂ አጠገብ ገጠር ተወልጄ፣ ታናናሾቼን አሳድጌ ስጨርስ ነው አንደኛ ክፍል የገባሁት። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች "አክስቴ" ይሉኝ ነበር፤ እርሳስም ሲቀረጽላቸው የሚያመጡት ለእኔ ነበር። ማንበብ ያስተማረችኝ የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የመጀመሪያ መጽሐፌም መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለቃል ይሳሳል። መጽሐፍ ሲመለስልኝ የታጠፈ ገጽ እፈልጋለሁ፤ ሰው ሲያወራኝ ደግሞ የታጠፈ እውነት። በዚህ ጸባዬ ወዳጄ ብዙ አይደለም።

የተከራየሁት አዴ አስካለ ግቢ ውስጥ ነው፤ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። አዴ አስካለ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጃቸው ሩቅ አገር ሾፌር የሆነባቸው፣ ምላሳቸው የተሳለ ሴት ናቸው። ኦርቶዶክስ ናቸው። በእሳቸው ጾም እኔ ሥጋ አልጠብስም፤ እኔ ስጸልይ እሳቸው ሬዲዮናቸውን ይቀንሳሉ። እንዲህ ተስማምተን ዓመታት ኖርን። የእሳቸውንና የእኔን ክፍል የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ግን ስስ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች እኔ ክፍል ተሰብስበን መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን። የምመራው እኔ ነበርኩ። በኅዳር ወር አንዱ ሐሙስ ትምህርታችን ስለ ጸበል ሆነ። "ውሃ ውሃ ነው፤ የሚያድነው ሌላ ነው" ብዬ በምዕራፍና በቁጥር አስረዳሁ። ሴቶቹ ጻፉ። ከሁሉም ይልቅ የምትጽፈው ሰብለ ነበረች። ሰብለ የመዘምራን መሪያችን ናት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ አምቦ ዘመድ የላትም። የመጣችው ከወደ ጎጆ እንደሆነ እንጂ ስለ ቤተሰቧ ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እየተጫነች ስትጽፍ አይቼ፣ እንዴት ያለች ተማሪ ናት አልኩ በልቤ።

በማግሥቱ ጠዋት አዴ አስካለ አስጠሩኝ። ከታመሙ ቆይተዋል። ሐኪም ቤቱ "ቤታቸው ይረፉ" ብሎ ሰድዷቸዋል፤ ምን ማለት እንደሆነ ለሁላችንም ገብቶናል፤ ለእሳቸውም።

"አካም ቡልተኒ፣ አዴ? እንዴት አደሩ?" አልኳቸው።

"አለሁ። ነይ ቁጭ በይ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ትናንት ጸበላችንን ልክ ልኩን ስትነግሪው ሰማሁ።"

ፊቴ ጋለ። "ሰሙ እንዴ?"

"ግድግዳው ምን ያድርግ? ደግሞ ጎበዝ አስተማሪ ነሽ። እስክሪብቶ ቢኖረኝ እኔም እጽፍ ነበር።" ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀየረ። ሳሉ ሲለቃቸው እጄን ያዙ። "ጎጆ ሄደሽ ከተወለድኩበት ከማርያም ጸበል አምጪልኝ።"

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። "እኔ? የዕድሩ ሴቶች አሉ አይደል? የሰንበቴ ጓደኞችዎስ?"

"ባለፈው አምጥተውልኝ ነበር። ጠጣሁ፤ ደስ አለኝ። ኋላ ያመጣችው ሴት ደጅ ቆማ ለሌላዋ ስታወራ ሰማሁ። መንገድ ላይ ተደፍቶባት ጊንጪ ስትደርስ ከቧንቧ ሞልታዋለች። ለክፋት አይደለም፤ አዝናልኝ ነው። ምንም አልተናገርኳት።"

"ሲጠጡት አላወቁትም?"

"መድኃኒቱ አፌን ገድሎታል። ጸበል ይሁን ቧንቧ ምላሴ አይለይም። እንግዲህ የምለየው በሚያመጣው ሰው ነው። አንቺ ደግሞ ድርቅ ያልሽ ነሽ። ለኪራይ እንኳ አንድ ቀን ብታሳልፊ መጥተሽ ትናዘዢያለሽ።"

"አዴ፣ እኔ እኮ አላምንበትም።"

"እመኚ አልኩሽ? አምጪ ነው ያልኩሽ።"

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ተነሣሁ። በባዶ ሆድ እንድሄድ፣ ነጠላ እንዳደርግ፣ በሩ ጋ ጫማ እንዳወልቅ አዘውኛል። ጀሪካኑ አምስት ሊትር የሚይዝ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። በጊንጪ አድርጌ ጎጆ ስደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከከተማው ወጥቼ በገብስ ማሳ መሃል ጥሩ መንገድ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ጀሪካኑን ነጠላዬ ሥር ይዤው ነበር፤ አምስት ሊትር ጀሪካን ነጠላ ሥር ይደበቅ ይመስል።

ጸበሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነው፤ ከወይራዎቹ ሥር ከድንጋይ መሃል ይወጣል። ሰዉ ተሰልፏል። የሚያጠምቁትና የሚቀዱት ቄስ ወልዴ የሚባሉ ሽበታም፣ ቀጭን ቄስ ናቸው። ተራው የደረሰው ሁሉ መስቀላቸውን ይሳለማል፤ ጀሪካኑን ይሰጣል። ተራዬ ደረሰ። መስቀሉን ወደ ግንባሬ አመጡት። ራሴን ዝቅ አደረግኩ፤ ከዚያ በላይ ግን አንገቴ አልታዘዝ አለኝ። መስቀሉ አየር ላይ ቀረ።

"ጴንጤ ነሽ?" አሉ።

"አዎ፣ አባ።"

ከኋላዬ ጉምጉምታ ተነሣ። አንዲት ሴት፣ "እንዴት ትደፍራለች! ጸበሉን ልታረክሰው!" አለች።

"ዝም በይ" አሏት ቄሱ ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ። "ለማን ነው?"

"አምቦ ላሉት ለአዴ አስካለ ነው። እዚህ ነው የተወለዱት። ታመዋል።"

"ለራሷ ሰው አጥታ ነው አንቺን የላከችሽ?"

"እሳቸው ናቸው የመረጡኝ።"

ጀሪካኑን ተቀብለው ሞሉት። ሲመልሱልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን በሚቆርጥ ቃል፣ "ለታመመች ስለሆነ ሰጥቻለሁ። ሁለተኛ ግን እዚህ እንዳላይሽ። የእናንተ ሰዎች ከቤቴ የወሰዱት ይበቃኛል" አሉኝ።

ከቤታቸው ምን እንደወሰድንባቸው አልጠየቅኩም። ጀሪካኑን ታቅፌ ወጣሁ።

ጎጆ መናኸሪያ ስደርስ ጀሪካኑ በክዳኑ በኩል ይንጠባጠባል፤ ለካ ክዳኑ ተሰንጥቋል። ቅቅል ድንች ከምትሸጥ ሴት ምሳዬን ገዝቼ ስበላ ይህን አየችና፣ ጥሬ ድንች በቢላ ቀርጻ የጀሪካኑን አፍ ወተፈችው። "ይሄ ከክዳን ይሻላል፣ አትስጊ" አለችኝ። ጎጆ ድንች የማይሆነው ነገር የለም።

ቅጥቅጡ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ሰብለ ናት። እሷም ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥኩ።

"እህት ዲንቄ! ምን ልታደርጊ መጣሽ?"

"አንቺስ?"

"ድንች ልገዛ ነዋ። ዛሬ ገበያ ነው።"

ድንች አልያዘችም። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ጭኗ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ አለ፤ የእናት እጅ የቋጠረው ዓይነት። የታጠፈ ገጽ አየሁ፤ ግን ዝም አልኩ። እሷ ግን ጀሪካኑን አይታ ዝም አላለችም።

"ይሄ የማርያም ጸበል ነው?"

"የአከራዬ ነው። የአዴ አስካለ።"

"አንቺ!" አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ "የዚህን ውሃ ነገር እኔ ልንገርሽ?" ብላ ጀመረችና ተወችው።

ረዳቱ ጀሪካኑን ፖርቶ መጋላው ላይ ልጫነው ቢል እንቢ ብዬ እግሬ መሃል አቆምኩት። አጠገባችን አንድ ገበሬ እግሩ የታሰረ በግ ወለሉ ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። መኪናው ከከተማው ወጥቶ ድንጋያማው መንገድ ላይ ሲገባ ይንጠን ጀመር። አንዱ ጉድጓድ ላይ ስንዘል በጉ ተወራጨ፤ ጀሪካኑን በታሰረ እግሩ ረገጠው። ድንቹ ተፈናጥሮ ወጣ። ጀሪካኑ ተጋደመ፤ ከመቀመጫ ሥር ሥር ተንከባለለ፤ እኔ ተንበርክኬ ስይዘው ባዶውን ነው።

"ጸበሌ!" ብዬ ጮህኩ። ጴንጤዋ እኔ።

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ተነሣ። "ጸበል ነው! ጸበል ነው!" ከኋላ ያለች ባልቴት ጎንበስ ብላ ወለሉን በመዳፏ እየጠረገች ዓይኗን አበሰች። አንዱ ጉልበቱን አሸ። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ፣ "እሰይ፣ መኪናዬም ተጠመቀች፤ ማርሿ ብቻ ይዳንልኝ!" አለ።

ባለ በጉ አንገታቸውን ደፉ። "ይቅርታ አድርጊልኝ እናቴ። በግ ነው፣ አያውቅም።"

"ጴንጤ ነው በሉና!" አለ ረዳቱ፣ መኪናው በሳቅ ሞላ። እኔም አሳቀኝ፤ እንባዬ ግን ቀደመኝ።

ረዳቱ ሳቁን ዋጠ። ለካ ደግ ልጅ ኖሯል። "አይዞሽ እማማ፣ እዚች ጋ ቦኖ አለ። ሞልተሽ ትሄጃለሽ። ቢሻን ቢሻኑማ! ውሃ ውሃ ነው!" ብሎ መኪናውን በመዳፉ ደብድቦ አስቆመልኝ።

ወረድኩ። ሰብለም ተከትላኝ ወረደች። ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር አደረግኩና ከፈትኩት። ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ይሞላ ጀመር።

"እንዲያው አልቅሰሽ ሞተሻል" አለች ሰብለ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረገች። "አንቺው ራስሽ አስተምረሽን የለ? ልዩነት የለውም። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ አንቺም ከጣጣ ትድኛለሽ። ሙዪና እንሂድ፣ የእኔ እናት።"

እያንዳንዱ ቃሏ ልክ ነው። የሐሙሱ ትምህርቴ ነው ቁጭ ብሎ የሚመልስልኝ። በእኔ እምነት ጀሪካኑ ውስጥ የነበረው ውሃ ነው፤ አሁን የሚገባውም ውሃ ነው። አልዋሽም ብል እንኳ፣ "ጸበልዎ ይኸው" ማለት አይጠበቅብኝም፤ ጀሪካኑን አልጋቸው አጠገብ ማስቀመጥ ብቻ ነው። እሳቸው ራሳቸው አይጠይቁኝም። የላኩኝ እንዳይጠይቁ ነውና።

እዚህ ላይ እጄ ቆመ። እንዳይጠይቁ ነው የላኩኝ።

ግማሽ ደርሶ የነበረውን ውሃ ከሥር ያለው ገንዳ ውስጥ ደፋሁት።

"ምን ሆነሻል?" አለች ሰብለ።

"ልመለስ ነው።"

"ወዴት? ወደዚያ? እህት ዲንቄ፣ የሐሙሱ ትምህርት ስህተት ነበር ማለት ነው?"

"ትክክል ነበር።"

"ታዲያ?"

"አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነበር። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ሰብለ ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ቆሎዋን ፈትታ እፍኝ ሙሉ ኪሴ ውስጥ ከታልኝ ሮጣ ገባች።

የሚያስፈራኝ መንገዱ አልነበረም። "ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ" ያሉኝ ሰው ናቸው። ጎጆ ድረስ ጋሪ አገኘሁ፤ ከዚያ በገብሱ መሃል በእግሬ። እየሄድኩ ንግግር አዘጋጀሁ፤ አፈረስኩት፤ ሌላ አዘጋጀሁ። ጸበሉ ጋ ስደርስ ሰው የለም። ቄስ ወልዴ ብቻቸውን የአጥሩን በር በእሾህ እየዘጉ ነው።

"አላልኩሽም?" አሉ ዞር ሳይሉ፤ በእግሬ ኮቴ ነው መሰል ያወቁኝ።

"ብለውኛል፣ አባ። ተደፋብኝ።"

ዞሩ። ባዶውን ጀሪካን አዩ፣ ጭቃ የነካውን ቀሚሴን አዩ። "ከሰዓት በኋላ አይቀዳም። ደግሞስ ምሳ አልበላሽም?"

"በልቻለሁ። ቅቅል ድንች።"

"ምነው አልበላሁም ብትዪኝ? በምን አውቅ ነበር?"

"እሳቸው የላኩኝ ስለማልዋሽ ነው።"

የፊታቸው ቆዳ ትንሽ ላላ። "መንገድ ላይ ቦኖ አለ እኮ። አዲስ ነው የተተከለው።"

"አይቼዋለሁ። ግማሽ ሞልቼም ነበር።"

"ታዲያ ምን መለሰሽ? በጸበሉ ታምኛለሽ?"

"አላምንም፣ አባ።"

"እና በማን ብለሽ ነው ይሄን ዳገት የወጣሽው?"

"አዴ አስካለ አምነውኛል" አልኩ። ካዘጋጀሁት ንግግር አንዱም ትዝ አላለኝም።

 ከዚያ እሾሁን ወደ ጎን አደረጉ፤ ጀሪካኑን ከእጄ ወስደው፣ ጫማቸውን አውልቀው ራሳቸው ወረዱ። ሞልተው ሲወጡ ከነጠላቸው ጫፍ ቀድደው አፉን በላስቲክ ጠቅልለው በጨርቁ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ልሄድ ስል፣ "ቁጭ በይ" አሉኝ። ወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

"ልጅ አለችኝ። ከእናንተ ናት። ስትገባ ከቤት አስወጣኋት፤ ስሟም ከቤቴ ወጣ። ማንም እንዳይጠራው ብዬ አውግዣለሁ። እናቷ በገበያ ቀን ተደብቃ እንደምታገኛት አውቃለሁ፤ የማላውቅ እመስላለሁ።" መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡት። "እናንተ ያለ መጽሐፍ እንዲሁ ከአፋችሁ ትጸልያላችሁ አሉ።"

"እንጸልያለን።"

"ጸልዪላት። እንዴት እንደሚጸለይላት ልስማ።"

"ማን ብዬ፣ አባ?"

የጠየቅኩት ለጸሎቱ ነበር። ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያወቅኩት ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ ነው።

"ሰብለ" አሉ። ቀጥለው ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ "ወለተ ኪዳን።" የክርስትና ስሟ ነው፤ በቅዳሴ ላይ ሰው የሚጠራበት።

ኪሴ ውስጥ ያለው ቆሎ እሳት ሆነብኝ። አውቃታለሁ አልኳቸው፤ የምታስተምረኝን ያህል እኔም አስተምራታለሁ፤ ደህና ናት፤ ከፊት ቆማ ትዘምራለች። "ድምጿ እንዳለ ነው?" ብቻ አሉ። እንዳለ ነው አልኳቸው። "ከዚህ ነው የወሰደችው" ብለው በእጃቸው ቤተ ክርስቲያኑን አሳዩኝ።

ጸለይኩ። በኦሮምኛ ነው የምጸልየው፤ ሌላ ቋንቋ ለጸሎት አይመጣልኝም። ስጨርስ አባታችን ሆይን ጀመርኩ፤ እሳቸውም አብረውኝ ጀመሩ፤ እሳቸው በግዕዝ፣ "አቡነ ዘበሰማያት"፤ እኔ "አባ ኬኛ"። እሳቸው ለምደውታልና ቀደሙኝ። አሜን ላይ ግን ሲደርሱ ቆመው ጠበቁኝ። አሜን ያልነው አብረን ነው።

"ይህን እዚሁ ትተሽው ሂጂ" አሉኝ ሲነሡ። "የእኔዎቹ ቢሰሙ ቄሱ ተነካ ይላሉ። ያንቺዎቹስ?"

"የእኔዎቹም ያው ናቸው።"

"ለእሷ ራሴ ነኝ የምነግራት። ለትንሣኤ አስጠራታለሁ። የአባት ነገር ነው፤ እንዳትቀድሚኝ። ቃልሽን ስጪኝ።"

ሰጠኋቸው።

በድንች የተጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ጊንጪ፣ ከዚያ አምቦ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ደረስኩ። አዴ አስካለ በትራስ ተደግፈው በሩን ያያሉ።

"ዘገየሽ። ተደፋብሽ?"

"በግ ደፋብኝ።"

"ከየት ሞላሽው?"

"ተመልሼ ሄጄ።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቁ። "አውቄ ነው የላክሁሽ እኮ። በግ! ምስኪን በግ።" ኩባያውን እኔ ያዝኩላቸው፤ ጠጡ፤ የቀረውን ፊታቸውን ታጠቡበት። ለእኔ ጠጪ አላሉኝም። ዳኑ አልልም፤ በሽታው አልለቀቃቸውም። ግን ከብዙ ቀን በኋላ ያን ምሽት እንብላ ብለው እራት ጠየቁ።

ወሬው ለቤተ ክርስቲያናችን ደረሰ። ያወራችው ሰብለ አይደለችም፤ ቅጥቅጡ ሙሉ ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ በደግ ቃል፣ "እህታችን ለጊዜው ትረፍ" አሉ፤ የሐሙሱን ትምህርት ሌላ ሴት ትመራው ጀመር። አልተቀየምኩም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

የከበደኝ ሌላው ነው። እሑድ እሑድ ሰብለ ከፊት ቆማ ስትዘምር ዓይኗን ማየት አቃተኝ። "ድምጿ እንዳለ ነው?" የሚለው ጆሮዬ ላይ ይቆማል። ትንሣኤ ቅርብ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከየትኛውም ደጅ ብትሆኑ፣ እስቲ ከተማችሁን አስቡት። አምቦ ውስጥ የድምፅ ማጉያዎቻችን ፊት ለፊት ተያይተው ይጮኻሉ። ባጃጁ ሁሉ ጥቅስ ለጥፏል፤ ስልካችን ሲጠራ መዝሙር ነው። የጎረቤታችንን ስህተት በምዕራፍና በቁጥር እናውቃለን፤ ጎረቤታችን ምሳ ይብላ አይብላ ግን አናውቅም። ክርስቲያን ቀረ፣ ፍቅር ጠፋ እያልን በየስብከቱ እናማርራለን። እኔ ጠፋ አልልም። ያየሁት ሌላ ነው፤ ተደብቋል። ገበያ መሃል እናትና ልጅ በቆሎ ቋጠሮ ይለዋወጡታል። ቄሱ ከወይራ ሥር ሰው አለመኖሩን አይተው ያወጡታል። እኔ ነጠላዬ ሥር በጀሪካን ይዤው እሄዳለሁ። የምናፍረው በጥላቻችን ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ እኛ ግን የምናፍረው በደግነታችን ነው፤ የራሳችን ሰዎች እንዳያዩብን። አዴ አስካለ ብቻ አላፈሩም። ሰንበቴያቸው እየሰማ ጸበላቸውን በጴንጤ አስመጡ። እኔን የለወጠኝ ይህ ነው። ዛሬም ጸበል አልጠጣም፤ ዛሬም መስቀል አልሳለምም። ስለ ሌላው ሰው እምነት ስናገር ግን ከግድግዳው ማዶ የሚሰማኝ ሰው እንዳለ አስታውሼ ነው።

ቄስ ወልዴ ለትንሣኤ አልደረሱም። በሁዳዴ መሃል ጥቂት ቀን ታመው አረፉ። ወሬውን የሰማሁት ሰብለ እሑድ ከመዘምራኑ መሃል ስትጠፋ፣ አባቷ ሞቶባት ጎጆ ሄደች ሲባል ነው።

ከቀብር መልስ ወደ ክፍሌ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለብሳ የሄደችውን ጥቁር ሻርፕ አላወለቀችም።

"ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ቀበርኩት" አለች። "ማንም አልከለከለኝም። እግሬ ነው እንቢ ያለኝ።" ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። "እናቴን ጠየቅኳት። ሲሞት ጠራኝ ወይ አልኳት። ስሜን እስከ መጨረሻው አልጠራም። ሳይጠራኝ ሄደ፣ እህት ዲንቄ።"

ለሞተ ሰው የተሰጠ ቃል እስከ መቼ ይጠበቃል? መጽሐፍ አልገለጥኩም። አባትየው መንገሩን ለራሳቸው አስቀርተውት ነበር፤ አሁን ከእኔ በቀር የሚነግራት የለም።

"ጠርቶሻል" አልኳት።

ቀና አለች። ነገርኳት፤ ከድንቹ ጀምሬ፣ እሾሁን፣ ወይራውን፣ ድምጿን እንደጠየቁ፣ አሜን ላይ እንደጠበቁኝ። ከግድግዳው ማዶ ሲያስሉ የነበሩት አዴ አስካለ ሳላቸው ቆመ፤ ሬዲዮናቸውም ተዘጋ።

ሰብለ ሻርፑን ከራሷ አወረደች። እንደማልዋሽ ታውቃለች።

"በየትኛው ስሜ?" አለችኝ።

"በሁለቱም።"